ስድስት ዓመት ከግንቡ አጠገብ

(የ1980 ዓ.ም. የሕክምና ተመራቂዎች ከ30 ዓመት በኋላ ጎንደር ላይ በተገናኙበት ዕለት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያ ሕይወትህ ሃያ ደቂቃ ንገረን» ነበር ያሉኝ። እኔም ታዝዤ ጽፌ ነበር። ወረቀቱ እዚህ ኪሴ ውስጥ አለ። ግን ትናንት ጠዋት አንድ ነገር አጋጠመኝና ማታ ቁጭ ብዬ ሳነበው አሳፈረኝ። ስለዚህ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ የማወራችሁ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ትናንት የፋሲልን ግቢ ጎበኘሁ። «ታዲያ ይህ ምን ይደንቃል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የሚደንቀው የመጀመሪያዬ መሆኑ ነው።

አትሳቁ፤ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ እንደኔ ናችሁ።

ከ1974 እስከ 1980 ዓ.ም. እዚች ከተማ ስድስት ዓመት ኖረናል። ፒያሳ ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ ግንቡን እናልፋለን። ከጃንተከል ዋርካ ሥር ቀጠሮ እንይዛለን። ፎቶ ስንነሣ ጀርባችንን ሰጥተነው እንቆማለን። እናቴ እስካሁን ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ፎቶ አለ፤ እኔ በነጭ ጋዋን፣ ከኋላዬ የፋሲል ግንብ። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ ግንቡን ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለዋል። እኔም ራሴን እንደዚያ አሳምኜ ኖሬያለሁ።

በርግጥ ዘመኑም ዘመን ነበር። ሰዓት እላፊው፣ ስብሰባው፣ ፈተናው፤ ለጉብኝት የሚሆን ልብ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ሰው ግን ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን፣ የጎንደሩ ልጅ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ብጠራው ንግግሬን አልጨርስም። እሱ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር «ዛሬ እንሂድ፣ እኔ ራሴ አስጎበኛችኋለሁ። በነፃ ነው፤ ግን ዝም ብላችሁ ትሰሙኛላችሁ» ይለን ነበር። እኛም «ነገ» እንለዋለን። ነገ ደግሞ አናቶሚ ነው። ከነገ ወዲያ ዋርድ ነው። እንዲህ ስንል ስድስት ዓመት አለቀ። ከተመረቅን በአሥራ አንድ ዓመቱ እሱም ይችን ዓለም ተሰናበተ። ነፍሱን ይማር።

ትናንት ጠዋት ሦስት ሆነን ወጣን። አንዷ ከዋሽንግተን የመጣችው እህታችን፣ አንዱ ከሐዋሳ የመጣው ወንድማችን፣ ሦስተኛው እኔ። በሩ ላይ ትልቅ ቡድን ሊገባ ተሰልፎ ነበር። እንቀላቀል ወይስ አንቀላቀል ስንል ቆየን። የዋሽንግተኗ እህታችን ጉልበቷን ያማታል፤ በሰው ፍጥነት ደረጃ መውጣት አትችልም። «ለብቻችን አስጎብኚ እንያዝ፤ ለሦስት ስንካፈለው ከምሳ ሒሳብ አይበልጥም» አለች። በኋላ ስናሰላው እውነቷን ነበር።

የመጣልን አስጎብኚ ሠላሳ ዓመት የሞላው አይመስልም። አዲስ ዓለም ሰፈር የተወለደ፣ ዝግ ያለ ልጅ ነው። እጅ ነሣንና ተዋወቅን። «ቀድማችሁ ጎንደርን ታውቋታላችሁ?» አለን። ሐዋሳ ያለው ወንድማችን ደረቱን ነፍቶ «እዚሁ ነው የተማርነው፤ ስድስት ዓመት» አለ። ልጁ ደስ አለው። «እንግዲያው ሥራዬ ቀለለልኝ። ከየትኛው በር ልጀምርላችሁ?» አለን።

ሦስታችንም ዝም። ስንት በር እንዳለው እንኳ አናውቅም።

እንግዲህ የማታውቁ ካላችሁ እኔ ትናንት የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ግቢው ወደ 7 ሄክታር ይሆናል። ዙሪያውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ርዝመት አለው። በሮቹ 12 ናቸው፤ እያንዳንዱም ስምና ሥራ ነበረው። ፊት በር አለ። ፈራጆች የሚያልፉበት ወንበር በር አለ። የእቴጌ ምንትዋብ እናት የእንቆዬ ስም የተሰጠው እንቆዬ በር አለ። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር እያለ ልጁ ሲቆጥርልን ስማቸውን ብቻ ሰምተህ ውስጡ እንዴት ይኖር እንደነበር መገመት ትችላለህ። ዳኛው በዚህ፣ ፈረሰኛው በዚያ፣ ሙዚቀኛው በወዲያ። ልጁ «ግንብ ስትሉ አንድ ቤት አትቁጠሩ፤ ይህ ከተማ ነው» አለን። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ «ግንብ» ስል አንዱን የፋሲልን ቤት ብቻ ነበር የማስበው።

መጀመሪያ የወሰደን ወደ እሱው ነው። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነግሠዋል፤ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉትም በ1636 ነው። ቤቱ በአራቱም ማዕዘን ላይ እንቁላል ቅርጽ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉት። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ሰቀላ ማማ ብቅ ብሏል። ድንጋዩ ጥቁር ቡናማ ነው፤ የበርና የመስኮት ቅስቱ ግን በቀይ ድንጋይ ተለይቶ ተሠርቷል። ስንትና ስንት ጊዜ ስናየው ያ ቀይ ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

እዚህ ላይ ኑዛዜ አለኝ። በዕድሜ የምትመስሉኝ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያን ጊዜ የሕክምና ትምህርት ቤታችን ከምሥራቅ ጀርመን፣ ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ትብብር ስለነበረው ብዙ ጀርመናውያን መምህራን ነበሩን። አንድ እሑድ ከመምህራኑ አንዱ ካሜራውን አንጠልጥሎ መንገድ ላይ አገኘኝና ወደ ግንቡ እያመለከተ «ይህን ማን ነው የሠራው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ሳላመነታ «ፖርቹጋሎች» አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ለስንት እንግዳ፣ ለስንት የውጭ ባልደረባ፣ ለገዛ ልጆቼም ጭምር ይህንኑ ስናገር ኖሬያለሁ።

ትናንትም አፌ አላረፈም። ልጁ ገና ስለ ግንበኞቹ ሊጀምር ሲል «መቼም ፖርቹጋሎች ናቸው» አልኩት። አላፈረብኝም፤ አላሳፈረኝምም። እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። ያስወጧቸው በነገሡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ታዲያ ቤታቸውን ማን ገብቶ ሠራላቸው?»

ይህ ጥያቄ እኮ ከታሪክ መጽሐፍ በፊት በማሰብ ብቻ የሚደረስበት ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አላሰብኩትም።

ቀስ ብሎ አስረዳን። ከጎንደር በፊት አፄ ሠርጸ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ ግንብ አሠርተዋል። አፄ ሱስንዮስም ደንቀዝ ላይ አሠርተዋል። ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ጥበብ በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያኑ ጋር በሕንድ በኩል ገብቷል፤ ስለዚህ «ፖርቹጋል ምንም የለችበትም» ማለትም ልክ አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የንጉሡን ቤት አይቶ ሲጽፍ የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ እንደሆነ ነው የተናገረው። በዚያ ላይ የአገሩ ሰው እጅ አለ። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በጎንደር ነገሥታት ሥራ ላይ ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። ልጁ ሲያጠቃልለው «ጥበቡ ከሦስት አራት ቦታ መጥቷል። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የተሸከመው፣ የደረደረው ግን እዚሁ ነው የተወለደው። እንግዳ ሲጠይቅዎ ከዚህ ይጀምሩ» አለኝ።

እህታችን በዚህ ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እያሸች ነበር። «እኔ እኮ የለንደንን ቤተ መንግሥት በጆሮ ማዳመጫ ጎብኝቻለሁ፤ ፓሪስ ሄጄ ቬርሳይን ለማየት ግማሽ ቀን ተሰልፌያለሁ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኛም አልጨመርንም።

ቀጥሎ ወደ ሌሎቹ ቤቶች ወሰደን። የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት አሳየን። የአፄ ዳዊትን የዘፈን አዳራሽ፣ የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ፣ ባዶውን የአንበሳ ቤት፣ የእንፋሎት መታጠቢያውን አየን። መታጠቢያው ጋ ወንድማችን አልላቀቅ አለ። እሱ የማኅበረሰብ ጤና ሰው ስለሆነ እሳቱ የት ይነድ ነበር፣ እንፋሎቱ በየት ይገባል፣ ውሃው በየት ይወጣል እያለ ልጁን ሲያዋክበው ቆየ። ከብዙ ሰው ጋር ብንሆን ኖሮ «እንቀጥል» ተብለን ነበር። ለብቻ የመጎብኘት ጥቅሙ እዚህ ላይ ገባኝ። የሚያሳስብህ ነገር ላይ የፈለግኸውን ያህል ትቆማለህ፤ የማያሳስብህን ታልፋለህ። ልጁ ደግሞ ሰው ሲያቆመው ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

የአፄ ኢያሱ ቤት ግን ሁላችንንም አቆመን። ታላቁ ኢያሱ የፋሲል የልጅ ልጅ ናቸው፤ ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል። ቤታቸው በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ግን ጣራ የለውም፤ ቀና ስትል ሰማይ ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ቀሪውን ደግሞ በ1941፣ ጣሊያን ጎንደር ላይ ሲመሽግ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጨረሰው። ከተማዋም ብትሆን በ1866 በአፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 በመሐዲስቶች ተዘርፋለች፤ ተቃጥላለች። ይህ ሁሉ ያለፈበት ግድግዳ ቆሞ ማየት ራሱ ነገር ነው።

ልጁ እዚያ ጣራ የሌለው አዳራሽ ውስጥ አቆመንና «ሐኪሞች ስለሆናችሁ ይህን ለእናንተ ነው ያስቀመጥኩት» አለን። እ.ኤ.አ. በ1699 ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ካይሮ ይኖር የነበረ ፈረንሳዊ ሐኪም በሱዳን በኩል አቋርጦ ጎንደር መጣ። የመጣው ሊነግድ አይደለም፤ አፄ ኢያሱን ከቆዳ ሕመም ሊያክም ተጠርቶ ነው። አከማቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ፤ ያየውንም ጽፎ ትቶልናል። ልጁ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገልጦ «ሁልጊዜ ሐኪም ባገኝ ልጠይቅ እላለሁ፤ የንጉሡ በሽታ ምን ሊሆን ይችላል?» አለን።

ሦስት ሐኪሞች፣ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው የዕውቀት ጭነት ይዘን፣ ተያየን። «ሳያዩ መመርመር አይቻልም» አልነው። ልጁ ሳቀና እሱንም ጻፈው።

ከዚያ ወደ ቁስቋም አቅጣጫ እያመለከተ ሁለተኛውን ነገረን። እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ጎንደር ሲገባ ፈንጣጣ ከተማዋን ይዟት ነበር። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ልጆች ቁስቋም ባለው ቤተ መንግሥታቸው ታመው ተኝተዋል። ብሩስ ሐኪም አልነበረም፤ ሕክምናን በመንገዱ የቀመሰ ሰው ነው። ግን የመጀመሪያ ትእዛዙ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በርና መስኮቱ ሁሉ ይከፈት አለ። ክፍሉ በዕጣንና በከርቤ እንዲታጠን፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ እንዲታጠብ አደረገ። ሁሉም አልዳኑም፤ የዳኑ ግን ነበሩ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ እዚች ከተማ ውስጥ ስለ ፈንጣጣ ፈተና ተፈትኛለሁ። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የፈንጣጣ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1976 እንዳየች ጽፌ ነጥብ አግኝቻለሁ። የዚህ ተቋም መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. እንደተከፈተ፣ የተከፈተውም በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ባለቀ ማግሥት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከመማሪያ ክፍሌ በእግር በሚደረስበት ተራራ ላይ ከ200 ዓመት በፊት አንድ ሰው ለፈንጣጣ ሕመምተኛ መስኮት እንዳስከፈተ አላውቅም ነበር። የነገረኝ ፕሮፌሰር አይደለም። ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚጠብቅ ወጣት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህኛው በተለይ ለመምህራኑ ነው። ከአንዱ ግድግዳ አጠገብ ልጁ እጄን ይዞ ሁለት ቦታ አስነካኝ። አንደኛው ለስለስ ያለ፣ ነጣ ያለ ነው። ሁለተኛው ግራጫና ድርቅ ያለ። «የመጀመሪያው ኖራ ነው፤ ሁለተኛው ሲሚንቶ» አለኝ። ጣሊያን በያዘበት ጊዜ ሲጠግን ሲሚንቶ ተጠቀመ። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ይጠነክራል፤ ውሃ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ መውጫ ይከለክለዋል። የታፈነው ውሃ ደግሞ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ኖራ ግን ይተነፍሳል፤ መጎዳት ካለበትም ከድንጋዩ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ስለሆነ እሱን ማደስ ይቻላል። ስለዚህ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ እርዳታ ሲጠገን ሲሚንቶውን እያነሡ ወደ ኖራው ለመመለስ ተሞክሯል። የአጥንት ሐኪሙ ጓደኛችን እዚህ ካለ ይህ ወዲያው ይገባዋል፤ ክፉኛ የጠበቀ ጀሶ እጁን ራሱን ይገድለዋል። በጎ አስቦ መጠገን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠገነውን ነገር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ወደ ፋሲል ቤት ተመልሰን ሰገነቱ ላይ ወጣን። እህታችን ስድስት ጊዜ አርፋ ወጣች፤ ልጁ ስድስቱንም ጊዜ ቆሞ ጠበቃት፤ በየዕረፍቱም አንድ ነገር ይነግራታል። ከላይ ከተማዋ ሁሉ ትታያለች። ጥርት ባለ ቀን እስከ ጣና ይታያል ይላሉ፤ ትናንት ጭጋግ ስለነበር አላየነውም። ልጁ አንድ በአንድ ሰፈር እያመለከተ ሲነግረን የዚያን የሟች ጓደኛችንን ሰፈር ጠራ። ሦስታችንም ቀና አልን። ቤቱ የት ጋ እንደሆነ አይለይም፤ ቆርቆሮና ዛፍ ነው። እዚያ ቆመን፣ እሱ ሊያሳየን የፈለገው ይህንን እንደነበር ገባን። ግንቡን ብቻ አልነበረም፤ ከግንቡ ላይ ሆኖ የራሱን ሰፈር ነው።

ስንወርድ የተነጋገርነውን ከፈልነው፤ ጥቂት ጨመርንበት። «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት። «እንግዳ ሲመጣ ጥሩ ነው። አንዳንድ ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ እውላለሁ። ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ» አለኝ። «የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችስ?» አልኩት። «ለምርቃት ፎቶ ይመጣሉ» አለ። ክፉ ነገር አስቦ አልነበረም። እኔን ግን ነካኝ፤ ያ የእናቴ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ትዝ አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጓደኛችን እናት ቤት ሄድን። እማማ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን ከእኛ ይሻላል። ቡና ተፈላ። «እንዲህ አርፍዳችሁ የት ቆያችሁ ልጆቼ?» አሉን። «ግንቡን ስናይ ነው እማማ» አልናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?» አሉ።

መልስ አልነበረንም። ሁለተኛውን ቡና ጠጣን፤ ስለ ልጃቸው አወራን፤ መርቀውን ወጣን።

እንግዲህ ማታ ያንን የሙያ ወረቀቴን ሳነበው ያሳፈረኝ ለዚህ ነው። «ጎንደር አሳደገችኝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጎንደር ሐኪም አድርጋኛለች፤ ይህ እውነት ነው። እኔ ግን አላወቅኋትም። ሕመምተኛ ስናይ «ከየት መጣህ? ምን ትሠራለህ? ቤትህ ውሃ አለ?» ብለን የምንጠይቀው መጠየቅን የተማርነው እዚሁ ነው። ያንን ጥያቄ ግን ለኖርንባት ከተማ አንድም ቀን አላቀረብንላትም።

ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር ልለምን።

የመጀመሪያው ለዩኒቨርሲቲው ነው። አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያው የትምህርት ወቅት ግቢውን በአስጎብኚ ይጎብኙ። መቶና ሁለት መቶ ሆነው እየተገፋፉ ሳይሆን አሥር አሥር፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት እየሆኑ፤ ጥያቄ ለመጠየቅ በሚበቃ ቁጥር ማለቴ ነው። የሕክምና ተማሪው የፖንሴንና የብሩስን ነገር ይስማ፤ ሦስት ሐኪሞች ያልመለስነውን የንጉሡን በሽታም ይከራከርበት። የምሕንድስና ተማሪው ኖራውን ይንካ። የሕግ ተማሪው ወንበር በር ላይ ይቁም። ለአስጎብኚዎቹም ይከፈላቸው፤ በነፃ አይሁን። ይህ ወጪ ትንሽ ነው፤ ግማሹን የእኛ የተመራቂዎች ማኅበር ቢሸፍን እኔ የድርሻዬን ዛሬውኑ አዋጣለሁ። ልጆቹም በክረምት ሥራ ያገኛሉ።

መምህራንም ወደ እነዚያ ወጣቶች ሂዱላቸው እላለሁ። ያ ልጅ የያዛትን ማስታወሻ ደብተር ብታዩ ታዝኑም ትደሰቱም ነበር። ከየእንግዳው የለቀመውን ጽፏል። የታሪኩ ሰው፣ የግንባታው ሰው፣ የሕክምናው ሰው በዓመት አንድ ሁለት ቀን ከእነሱ ጋር ቢቀመጥ እነሱ የሚሰጧችሁ እናንተ ከምትሰጧቸው የሚያንስ አይመስለኝም። እኔ በሦስት ሰዓት የተማርኩትን ምስክር አድርጉ።

ሁለተኛው ልመናዬ ለእኛ፣ ለ1980ዎቹ ነው። ነገ ጠዋት አውቶቡሱ የሚነሣው በአራት ሰዓት ነው። ግቢው ቀደም ብሎ ይከፈታል። ያ ልጅ ከነጓደኞቹ በሩ ላይ ይኖራል፤ ነግሬዋለሁ። ብዙ አትሁኑ፤ ሦስት አራት እየሆናችሁ ግቡ። ጉልበቱን የሚያመው ቀስ ብሎ ይውጣ። ሰገነቱ ላይ ስትደርሱ ያንን ሰፈር አሳየን በሉት፤ ያሳያችኋል።

ግን እባካችሁ፣ በዚህ ጉዳይ ለሁለተኛ ጊዜ «ነገ» አንበል። ነገ ያልኩት የአውቶቡሱን ሰዓት ነው እንጂ እንደ ድሮው አይደለም።